ፓምፑ ለምን ውሃ አነሰው? ምህንድስናን በችግር ተኮር ዘዴ ለማስተማር ለሚፈልግ መምህር

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የፈሳሽን ፍሰትና ግፊት የሚያያይዘውን የበርኑሊን ቀመር ቦርድ ላይ በእንቅልፍ ልቡ ይሠራዋል። ያንኑ ልጅ ዓባይ ዳር ወስዳችሁ፣ ቤንዚን እየጠጣ ውሃ ከማይሰጥ ፓምፕ ፊት አቁሙት፤ የመጀመሪያ ቃሉ «ቲቸር፣ ይሄ የሞተር ችግር ነው» ይሆናል። እኔም ክፍል የሆነው ይኸው ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ጥያቄ ሲሰጠው የኖረው ከየትኛው ምዕራፍ እንደመጣ ተነግሮት ነው፤ «ምዕራፍ ስድስት፣ ጥያቄ አራት» የሚል ምልክት ከሌለው ችግር ጋር ተገናኝቶ አያውቅም።

ችግር ተኮር ትምህርት፣ በመምህራን አፍ ፒቢኤል፣ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ችግሩ ይቀድማል፣ ትምህርቱ እሱን ተከትሎ ይመጣል። የጀመሩት መሐንዲሶች ሳይሆኑ ሐኪሞች ናቸው፤ ካናዳ ውስጥ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ። ሆላንድ ያለው የማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ በሰባት እርምጃ ከፋፍሎ አደራጀው። እ.ኤ.አ. በ1974 የተከፈተው የዴንማርኩ አልቦርግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ምህንድስናን ከመሠረቱ በችግርና በፕሮጀክት ላይ አቆመው። ታሪኩን በዚህ ልተወውና ወደ ሥራው ልግባ። ከዚህ በታች ያለው እዚህ ባሕር ዳር በራሴ ኮርስ ሞክሬ የሠራልኝ፣ ያልሠራውም ጭምር ነው።

1. ከአንድ ምዕራፍ ጀምሩ

ኮርሱን በሙሉ አትለውጡ። ሙሉውን የለወጠ ባልደረባ አውቃለሁ፤ በስድስተኛው ሳምንት ተማሪው «ሀንድ አውት ይሰጠን» ብሎ ፊርማ አሰባሰበ። የሦስት ሳምንት ይዘት ምረጡ። እኔ የመረጥኩት የፓምፕ ምዕራፍን ነው። ከዚያ ተማሪው በሦስት ሳምንቱ መጨረሻ ምን ማወቅ እንዳለበት ለራሳችሁ ጻፉ። የእኔ ዝርዝር አራት ነበር፦ የከባቢ አየር ግፊት ከከፍታ ጋር እንዴት እንደሚቀንስ፣ የውሃ የትነት ግፊት (ውሃው የሚፈላበት ግፊት)፣ ቱቦ ውስጥ የሚጠፋው ግፊት፣ ካቪቴሽን (ውሃ በዝቅተኛ ግፊት ፈልቶ የአረፋው መፍረስ)። ይህችን ወረቀት ኪሳችሁ ውስጥ ክተቷት። ተማሪ ካያት ነገሩ ተመልሶ «ምዕራፍ ስድስት፣ ጥያቄ አራት» ይሆናል።

2. ችግሩን ከሰው እጅ ላይ ውሰዱ

የመጀመሪያ ዓመት ያፈርኩበትን ልናገር። ጣና ዳር ሆኖ ስለ እምቦጭ የማያወራ የለም፤ አረሙ ሐይቁ ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ የከተማው ሁሉ ጉዳይ ነው። እኔም «የእምቦጭ ማጨጃ ማሽን ዲዛይን አድርጉ» ብዬ ሰጠሁ። አሥር ግሩፕ አሥር ማሽን ይዞ መጣ። ሰባቱ ከኢንተርኔት የወረደ አንድ ዓይነት ሥዕል ነው፤ ኮንቬየሩ እንኳ ቀለሙ አልተለወጠም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። «ማሽን ሥሩ» ማለት መፍትሔውን አስቀድሞ መናገር ነው። ችግሩም ከመስፋቱ የተነሳ ለመለካት የሚያዝ ጫፍ አልነበረውም።

በሁለተኛው ዓመት እግሬን አንቀሳቀስኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ዓባይ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ፣ ጋሼ እንበላቸው፣ ፓምፓቸው ውሃ እንቢ ብሏቸው ሲማረሩ አገኘሁ። መካኒኩ ካርቡሬተሩን አጥቧል፣ ሲሉን (ውሃ እንዳያሾልክ የሚያሽገውን ዕቃ) ሁለት ጊዜ ቀይሯል። ፓምፑ ብሶበታል። ይሄ ችግር ሁሉም ነገር ነበረው፤ የሚቸገር ሰው አለ፣ የሚለካ ነገር አለ፣ በባጃጅ ይደረሳል፣ ሁሉም ሰው መልሱን ያወቀ ይመስለዋል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ተማሪው ተሳስቶ እርግጠኛ የሚሆንበትን ችግር ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ሌላም ሞልቷል። የአሳ አስጋሪዎች በረዶ ገበያ ሳይደርስ ማለቁ፣ የዘጌ ጀልባ በነፋስ ቀን ቤንዚን መብላቱ፣ የባጃጅ ፍሬን በዝናብ መክዳቱ። ለኤሌክትሪክ ክፍል መምህራን ቅዳሜ ገበያ ያለ አንድ ወፍጮ ቤት ለሁለት ወር ይበቃል።

3. የችግሩን ወረቀት ጻፉ፤ ዋናው ሥራ ይህ ነው

ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። መጀመሪያ የጻፍኩት እንዲህ ይል ነበር፦ «በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የሚሠራ ሴንትሪፉጋል ፓምፕ የካቪቴሽን ችግር አጋጥሞታል። የሚፈቀደውን የመሳብ ከፍታ አስሉ።» ይሄ የፈተና ጥያቄ ነው። በሽታውንም መድኃኒቱንም ነግሬ ቀረኝ ያልኩት የሂሳብ ማሽን መጫን ብቻ ነው። ቀድጄ እንደገና ጻፍኩት፦

«ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ዓባይ ዳር ሁለት ቃዳ ሽንኩርት ያላቸው ገበሬ ባለ ሁለት ኢንች የቤንዚን ፓምፕ አላቸው። በኅዳር ሃያ ሊትሩን ጀሪካን በ5 ሰከንድ ይሞላ ነበር። አሁን በመጋቢት 11 ሰከንድ ይፈጃል፤ አንዳንዴ ውሃው ጭራሹን ይቋረጣል። መካኒክ ካርቡሬተሩን አጥቧል፣ ሲሉን ሁለት ጊዜ ቀይሯል። ፓምፑ ላይ ‹የመሳብ ከፍታ 8 ሜትር› የሚል ተለጥፏል። ሽንኩርቱ አራት ሳምንት ይቀረዋል። ገበሬው ‹አዲስ ፓምፕ ልግዛ ወይ?› ይላሉ። ምን ትሏቸዋላችሁ?»

ልብ በሉ፤ «ካቪቴሽን» የለም፣ «1,800 ሜትር» የለም። የገደሉ ቁመትና የቱቦው ርዝመት ሆን ተብሎ ቀርቷል፤ ተማሪው እንደሚያስፈልገው ራሱ ይወቅና ሄዶ ይለካው። የመካኒኩ ታሪክ የገባው ደግሞ ለማሳሳት ነው። እውነትም ስለሆነ ማታለል አይባልም።

ወረቀቱን ጨርሳችሁ ለሌላ ክፍል መምህር ስጡት። አንብቦ ወዲያው «አሃ፣ የእንትን ምዕራፍ ነው» ካለ እንደገና ጻፉት።

4. ከተማሪ በፊት እናንተ ሂዱ

ባለቤቱን አስፈቅዱ። «ፓምፑን እንጠግናለን» ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ፤ «ልጆቹ ሊማሩበት ነው፣ ያገኙትን ይነግሩዎታል» በቂ ነው። ቀን ስትመርጡ የበዓል አቆጣጠር ይዛችሁ ምረጡ፤ በ12 በሚካኤል ወይም በ21 በማርያም ከሄዳችሁ ሰው ታገኛላችሁ፣ የሚሠራ ፓምፕ አታገኙም። ቤንዚኑን ከእናንተ ኪስ ቻሉ፤ ገበሬው በሃይላንድ እየገዙ በስንት መከራ ያገኙትን ስልሳ ተማሪ ሰዓት ሲለካበት ሊውል አይገባም። ጉማሬ በየት በኩልና በስንት ሰዓት እንደሚወጣ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ቀልድ አይደለም፤ ከጧቱ ሦስት ሰዓት በፊትና ከአሥር ሰዓት በኋላ ውሃ ዳር ተማሪ አላቆምም።

መንገድ የሚዘጋበት ሳምንትም አለ። ለዚያ ቀን በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ይኑራችሁ፤ የፓምፑ ድምፅ በደንብ ይሰማ። ያ ድምፅ፣ ጠጠር በቆርቆሮ እንደሚንቀጫቀጭ ያለው፣ በኋላ ያስፈልጋችኋል።

5. ግሩፕ

ስድስት ስድስት አድርጓቸው፤ ስምንት ከሆኑ ሁለቱ ስልክ ላይ ናቸው። ተማሪዎቻችን «አንድ ለአምስት» የሚባለውን ከታች ክፍል ጀምሮ ስለሚያውቁት ግሩፕ ሲባል ትርጉሙ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ስም ያስጽፋል ነው። ይህን ለመስበር ሁለት ነገር አደርጋለሁ። በጂፒኤ አልመድብም፤ በዕጣ ነው። ሰብሳቢና ጸሐፊ በየስብሰባው ይለወጣል፤ ጎበዙ ልጅ ሁልጊዜ ጸሐፊ ከሆነ የተጻፈው የእሱ ሐሳብ ብቻ ነው።

ቋንቋውን ልቀቁላቸው። ሌክቸሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ ክርክር ግን በእንግሊዝኛ ሲሆን ሦስት ተማሪ ብቻ ያወራል። በአማርኛ ይከራከሩ፣ ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ይጻፉ። ግሩፑ ውስጥ አማርኛ የሚከብደው ልጅ ካለ ግን ሰብሳቢው እንዲተረጉምለት አስገድዱ፤ ከወለጋ የመጣ ተማሪዬ ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ ከርሞ፣ አንድ ቀን ሰብሳቢ ሲሆን ከሁሉም የተሻለ ጥያቄ ጠየቀ።

6. የመጀመሪያው ስብሰባ

ሁለት ሰዓት መድቡ። የማስትሪክት ሰባት እርምጃዎች እነዚህ ናቸው፦ ያልገባ ቃል ማጥራት፣ ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ፣ የመሰለውን ሁሉ መደርደር፣ የተደረደረውን ማደራጀት፣ መማር ያለብን ምንድነው ብሎ መወሰን፣ ለየብቻ ማጥናት፣ ተመልሶ ማቀናጀት። አምስቱ በዚህ ስብሰባ ያልቃሉ።

የመጀመሪያውን አትናቁ። ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ «ቃዳ ምንድነው?» አለች። የደጋ ዳሞት ልጅ ሩብ ሄክታር መሆኑን ነገራት። ተሳቀ፤ ያ ልጅ ግን ከዚያ በኋላ አፉ ተፈታ።

ሦስተኛው ላይ ቦርዱ ይሞላል። ሞተሩ ደክሟል፣ ቤንዚኑ ውሃ አለበት፣ ቱቦው ተበስቷል፣ ማጣሪያው በደለል ተደፍኗል፣ ፓምፑ ፌክ ነው፣ ውሃው ሸሽቷል። ሁሉም ይጻፍ። እናንተ ፊታችሁን ጠብቁ። እኔ «ውሃው ሸሽቷል» ሲባል ቅንድቤ ተነሳ መሰለኝ፣ ሙሉ ክፍሉ ወደዚያ ጎረፈ፤ የአርባ ደቂቃ ክርክር በአንድ ቅንድብ ገደልኩ። ከዚያ ወዲህ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ።

ጥያቄ ሲጠይቋችሁ በጥያቄ መልሱ፤ ሦስት ይበቃሉ። «በምን አወቃችሁ?» «ይህ እውነት ከሆነ ሌላ ምን መታየት ነበረበት?» «እንዴት ትለካላችሁ?» ከዚያ ዝም። ዝምታው ያማል፤ እንደ እኛ ዓይነት የአስተማሪ አፍ ላለው ሰው በተለይ። እኔ በልቤ እስከ ሃያ እቆጥራለሁ። አሥራ አምስት ላይ ሁልጊዜ የሚናገር ይገኛል።

ሞተሩን የወነጀለውን ግሩፕ «ሞተሩ ከሆነ ከኅዳር እስከ መጋቢት ምን ተለወጠ?» አልኳቸው። ሌላ አላልኩም።

ስልሳ ተማሪ ካላችሁ አሥር ግሩፕ በአንድ ጊዜ አይያዝም። አምስቱን በአንድ ቀን፣ አምስቱን በሌላ ቀን አድርጉ፤ ለዚያ ሳምንት ሌክቸር ስለሌለ ሰዓቱ ይገኛል።

7. የጥናቱና የልኬቱ ሳምንት

ኢንተርኔት እንደሚጠፋ አድርጋችሁ አስቡ። አራት አምስት የመጽሐፍ ምዕራፍና አንድ የፓምፕ ማኑዋል ፍላሽ ላይ አዘጋጁ፤ ከመካከላቸው አንዱ ከችግሩ ጋር የማይገናኝ ይሁን። መምረጥም ትምህርት ነው።

ለልኬት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ሃያ ሊትር ጀሪካን፣ የስልክ ሰዓት፣ ሜትር፣ የገደሉን ቁመት ደረጃ በደረጃ ለመለካት ውሃ የተሞላ ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ። ልጆቹ ሲለኩ ከፓምፑ መሐል እስከ ውሃው ፊት 5.4 ሜትር ሆነ። የመሳቢያው ቱቦ 12 ሜትር ነው፤ ጋሼ ውሃው በሸሸ ቁጥር እየቀጠሉ አርዝመውታል። በኅዳር ውሃው የት እንደነበር ሲጠየቁ ገደሉ ላይ ያለውን የደለል መስመር በዱላቸው አሳዩ፤ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይላል።

ከሁሉ የወደድኩት የሻይ ማፍያው ነው። አንዱ ግሩፕ የከባቢ አየሩን ግፊት የሚለካበት ባሮሜትር አጣ። ከላብ ቴርሞሜትር ተውሰው ግቢው በር ላይ ካለችው ሻይ ሻጭ ዘንድ ሄዱ፤ ውሃው ሲፍለቀለቅ ቴርሞሜትሩን ነከሩት። 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ቆመ። «እትዬ፣ ውሃው አልፈላም?» ቢሏት፣ «ዓይንሽ አያይም? ከዚህ በላይ ምን ይፍላልሽ!» አለቻቸው። 100 ያልደረሰበትን ምክንያት ከትነት ሰንጠረዡ ላይ ፈልገው የባሕር ዳርን የአየር ግፊት 81 ኪሎ ፓስካል ገደማ አገኙ። ይህን እኔ አላስተማርኳቸውም፤ አላሰብኩትምም ነበር።

8. ሁለተኛው ስብሰባ

ያመጡትን ቦርድ ላይ ያውጡት። የእኛ እንዲህ ወጣ።

ፓምፕ ውሃ አይስብም። ቱቦው ውስጥ አየሩን ያሳሳል፤ ውሃውን ከታች ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ነው። ያ አየር በባሕር ጠለል 10.3 ሜትር ውሃ ማቆም ይችላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስላለች እዚህ አቅሙ 8.3 ሜትር ገደማ ነው። ፋብሪካው «8 ሜትር» ሲል በባሕር ጠለል ለክቶ ነው፤ 10.3 ላይ 8 ቢያነሳ ለትነት ግፊቱ፣ ለፓምፑ የራሱ ፍላጎትና ለልዩ ልዩ ብክነት 2.3 ሜትር አስቀርቷል። ያንኑ 2.3 ከእኛ 8.3 ላይ ቀንሱ፦ 6 ሜትር። ሁለት ሜትሩን የወሰደው የተቀመጥንበት ከፍታ ነው።

ከ6 ሜትሩ ገደሉ 5.4 ይወስዳል። ለቱቦውና ለማጣሪያው የቀረው 0.6 ነው። በ12 ሜትር ባለ ሁለት ኢንች ቱቦ በሰከንድ 5 ሊትር ይለፍ ቢባል ቱቦው ውስጥ የሚባክነው ግፊት ብቻውን ከሁለት ሜትር ተኩል ያልፋል፤ አይቻልም። ስለዚህ ፍሰቱ ራሱ ይቀንሳል፤ በሰከንድ 1.8 ሊትር ሲደርስ ብክነቱ 0.4 ሜትር አካባቢ ይሆንና ነገሩ ለጥቂት ይታረቃል። 20 ሊትር በ11 ሰከንድ ማለት 1.8 ሊትር በሰከንድ ነው። ቁጥሩ ቦርዱ ላይ ሲገጥም ክፍሉ ጮኸ። ለኅዳር ሲያሰሉት ደግሞ ቁመቱ 3.9 ይሆናል፣ በሰከንድ 4 ሊትርም ያልፋል፤ አምስት ሰከንድ።

ቪዲዮውን ያን ጊዜ እንደገና አጫወትኩት። ጠጠሩ የሚንቀጫቀጨው ውሃው በዝቅተኛ ግፊት እየፈላ አረፋው ሲፈርስ ነው። ካቪቴሽን የሚለው ቃል ክፍሉ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ዘግይቶ መምጣቱ ግድ የለም፤ ነገሩን አውቀውታል።

የሞተር ግሩፑም ባዶ እጁን አልወጣም። ቤንዚን ሞተር በየመቶ ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ እዚህ አንድ አምስተኛ ግድም ጎድሎበታል። እውነት ነው፤ ግን ኅዳርም መጋቢትም ያው ስለሆነ ልዩነቱን አያስረዳም። ይህን ራሳቸው ናቸው የተናገሩት።

9. ማርክ

ማርክ የሌለው ነገር አይሠራም፤ እንዋሽ ካላልን በቀር። ከ40 የያዝኩት እንዲህ ነው፦ 10 ለግሩፕ ሪፖርት፣ 10 ለቃል ጥያቄ፣ 10 ለአጭር ፈተና፣ 10 እርስ በርስ ለሚሰጡት። የቃል ጥያቄው ላይ ተማሪው ከሪፖርቱ በዕጣ አንድ ገጽ ያወጣና ያስረዳል፤ ስም ብቻ ያስጻፈ እዚህ ይታያል። ለፈተናው ያንኑ ፓምፕ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ አፋር ቆላ አወርደዋለሁ። እርስ በርስ የሚሰጡትን ለብቻ በወረቀት ተቀበሉ፤ ፊት ለፊት ከሆነ ይሉኝታው ሁሉንም አሥር ያደርገዋል።

ወረቀቱን በየዓመቱ ለውጡ። ሲኒየሮች ለጁኒየር የሚያወርሱት ውርስ ፈጣን ነው።

10. መልሱን ይዛችሁ ተመለሱ

ይህን የሚዘልሉ ብዙ ናቸው። ተማሪዎቹ ለጋሼ ያለ ቀመር በአማርኛ ማስረዳት ነበረባቸው፤ ከክፍሉ ፕሬዘንቴሽን ሁሉ ይህ ከበዳቸው። አንዷ በስትሮ ጁስ እንደሚጠጣ ሰው ሆና፣ «ስትሮው ሲረዝም ጉንጭ ይደክማል፣ ጋሼ» አለች። ምክራቸው አዲስ ፓምፕ አይግዙ ነበር፤ ገደሉ ወገብ ላይ ደረጃ ቆፍረው ፓምፑን ሁለት ሜትር ዝቅ ያድርጉት፣ የመሳቢያውን ቱቦ ያሳጥሩት፣ የሚረዝመው የመግፊያው ይሁን። ፓምፕ ሲገፋ፣ ሲስብ እንደሚቸገረው አይቸገርም።

ጋሼ በሦስተኛው ቀን ቆፈሩት። ጀሪካኑ በ5 ሰከንድ ሞላ። ከዚያ ገደሉን ቁልቁል እያዩ፣ «ደግ አደረጋችሁ ልጆቼ። ክረምት ዓባይ ሞልቶ በሌሊት ሲመጣስ፣ ከዚህ ጉድጓድ ማን ያወጣልኛል? እኔ ብቻዬን ነኝ» አሉ።

ማንም አልመለሰም። የሚቀጥለው ሴሚስተር የማሽን ዲዛይን ወረቀት በዚያው ባጃጅ ውስጥ ተጻፈ፤ የፓምፑን ክብደት አላስገባሁበትም፣ ሄደው ይመዝኑት።